ኤምአርአይ የሚያየው ሐሳብን ሳይሆን ደምን ነው

«ሰው ሲዋሽ አንጎሉ እዚህ ጋ ይበራል» የሚል፣ በቀይና በቢጫ የተቀባ ምስል ሶሻል ሚዲያ ላይ ባየሁ ቁጥር ዝም ብዬ ማለፍ ያቅተኛል። አንጎል ውስጥ የሚበራ ነገር የለም። ቀለሙን የሚቀባው ኮምፒውተሩ ነው፤ ምስሉን የሚያነሳው ኤምአርአይ፣ ማለትም በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየው ማሽን፣ የሚከታተለው ደግሞ ደሙን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ፕሮቲን፣ ከሄሞግሎቢን ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. ኬሚስቶቹ ሊነስ ፖሊንግና ቻርልስ ኮርየል ኦክስጅን የያዘውና ኦክስጅኑን ያራገፈው ሄሞግሎቢን ማግኔት ፊት ጠባያቸው እንደሚለያይ አሳዩ። ያራገፈው ይሳባል፣ የያዘው አይሳብም። በ1990 ተመራማሪው ሴጂ ኦጋዋ ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ይህንኑ በአይጦች አንጎል ላይ አየው፤ የሚተነፍሱት ኦክስጅን ሲለዋወጥ የደም ሥሮቻቸው ምስሉ ላይ አንዴ ይጠቁራሉ፣ አንዴ ይደበዝዛሉ። በ1992 በሰው ላይ የተሠሩት ጥናቶች ወጡ።

እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የሚሠራ የአንጎል ክፍል ኦክስጅን ስለሚፈጅ ደሙ ኦክስጅን ያንሰዋል ብለን እንጠብቃለን አይደል? የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ተመራማሪዎቹ ፒተር ፎክስና ማርከስ ራይክል በ1988 በፔት ስካን (ደም ውስጥ በሚገባ ትንሽ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚለካ ምርመራ) ሲለኩ፣ ሰዎቹ የሚታይ ነገር ሲቀርብላቸው ዕይታን በሚያስተናግደው ክፍል የደም ፍሰቱ 50 በመቶ ያህል ጨመረ፣ የግሉኮስ ፍጆታውም እንደዚያው፣ የኦክስጅን ፍጆታው ግን 5 በመቶ ብቻ። ሦስት እንግዳ ጠርቶ ለሠላሳ ሰው እንደ መደገስ ነው። ኤምአርአይ የሚያነበው ይህንን የተረፈውን ኦክስጅን የያዘ ደም ነው፤ ለምን ይህን ያህል እንደሚተርፍ ደግሞ ሳይንቲስቶቹ ዛሬም ይከራከሩበታል።

ችግሩ ይህ ዘዴ ለውጥን እንጂ መጠንን አይነግርህም። ስለዚህ እኔ ልቤ ያለው ኤኤስኤል ከሚባለው ዘዴ ጋር ነው። አንገት አካባቢ ወደ ላይ የሚወጣውን ደም፣ ውስጡ ያለውን ውሃ በሬዲዮ ሞገድ ምልክት ያደርጉበታል፣ አንድ ሁለት ሴኮንድ ጠብቀው አንጎል ውስጥ ሲደርስ ምስል ያነሳሉ፣ ከዚያ ምልክት ከሌለው ምስል ጋር አቀናንሰው ልዩነቱን ያወጣሉ። መርፌ የለም፣ ጨረር የለም። ውጤቱም በሚሊ ሊትር ይመጣል፤ ጤናማ አዋቂ ላይ በአማካይ ለ100 ግራም አንጎል በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር አካባቢ።

እኛን የሚነካው ቡናው ነው። ካፌይን አዴኖሲን የተባለውን፣ የደም ሥር የሚያሰፋ ኬሚካል ሥራ ያግዳል፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በግልጽ ይቀንሳል፣ ኤኤስኤልም ይህን ያሳያል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ጥናት ፈቃደኛ ሆናችሁ ከገባችሁና ቡና ጠጥታችሁ እንደሆነ ከጠየቋችሁ፣ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣችሁትን በትክክል ንገሯቸው፤ መቼ እንደጠጣችሁም ጭምር።