ሴቶቹ የከፈቱት ባንክ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ከገጠር ሴቶች ጋር ባንክ ያቋቋመችውን የህንዳዊቷን የቼትና ሲንሃን ንግግር ሳዳምጥ ዋልኩ። ልቤ እስካሁን እዚያው ነው።

ህንድ ውስጥ፣ ማሃራሽትራ ግዛት፣ ምሃስዋድ የሚባል ድርቅ የማይለየው አካባቢ አለ። ሲንሃ ከሙምባይ መጥታ፣ ገበሬ አግብታ እዚያ ከተመች። አንዲት ጎዳና ላይ የምትኖር ብረት ቀጥቃጭ ታዲያ ክረምት ሳይገባ ቤተሰቧን የምታስጠልልበት ላስቲክ ለመግዛት ትንሽ ትንሽ መቆጠብ ፈለገች። ባንኩ ሂሳብ አልከፍትልሽም አላት። ብድር እኮ አይደለም የጠየቀችው! የራሴን ገንዘብ አስቀምጡልኝ ነው ያለችው።

ያኔ ሲንሃና የአካባቢው ሴቶች የራሳቸውን ባንክ ለማቋቋም አመለከቱ። የህንድ ማዕከላዊ ባንክ ከለከላቸው። ምክንያቱም ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ በፊርማ ፋንታ የጣት አሻራ ነበር ያኖሩት። ማንበብና መጻፍ ተምረው ተመለሱ። እኛ ወለድ በቃላችን እናስላ፣ የእናንተም ሰዎች ያለ ካልኩሌተር ይሞክሩ፣ ማን እንደሚቀድም እንይ አሉ። በ1997 እ.ኤ.አ. «ማን ዴሺ» የተባለው የሴቶቹ ባንክ ተከፈተ።

እኔን በጣም የነካኝ ግን የደብተሩ ነገር ነው። ሴቶቹ የቁጠባ ደብተር ቤት መውሰድ አልፈለጉም። ባል ካየው ገንዘቡን ይወስደዋላ! ይህን ጭንቀት ሳይነገረው የሚገባው ባንክ፣ ሴቶች የሚመሩት ባንክ ነው ብዬ አምናለሁ። የቀን ሠራተኛዋ ደግሞ ባንክ ልሂድ ብትል የዕለት ገቢዋ ይቀርባታል። ስለዚህ ባንኩ ራሱ ወደ እሷ ይሄዳል።

ገጠር፣ ቁጠባ ማህበር ውስጥ የምትሠሩ እህቶቼ፣ እናንተ ጋ ደብተሩን የሚይዘው ማን ነው? ጻፉልኝ።