ያላየሁትን ስሰርዝ

ቡራዩ ውስጥ የአንድ መጋዘን የሌሊት ጥበቃ ነኝ። መጽሐፌንም የጻፍኩት እዚያችው የቆርቆሮ ዘብ ቤት ውስጥ ነው።

ነገሩን የቆሰቆሰው የእህቴ ልጅ ነው። አሜሪካ፣ ቬርሞንት ውስጥ ኖርዊች የሚባል የጦር ዩኒቨርሲቲ አለ። እዚያ በቀድሞው የሲአይኤ ዳይሬክተር በዊሊያም ኮልቢ ስም የተሰየመ ሽልማት ይሰጣል። ስለ ጦርነት፣ ስለ ስለላ ወይም ስለ ዓለም አቀፍ ጉዳይ የመጀመሪያ መጽሐፉን ለጻፈ ሰው ነው። መጽሐፉን ብቻውን የጻፈው መሆን አለበት።

«ጋሼ፣ አንተስ ባድመን ለምን አትጽፍም?» አለኝ።

የእኔ በአማርኛ ነውና ሽልማቱን ረሳሁት። «ብቻውን» የምትለዋ ግን አልለቀቀችኝም። አንድ ሰው «አንተ አውራኝ፣ እኔ እጽፍልሃለሁ» ብሎ የጠራልኝ ዋጋ የሦስት ወር ደሞዜ ነበር። ተውኩት።

የመጀመሪያው ረቂቅ ያስቃል። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ከተጀመረበት ከግንቦት 1990 ተነስቼ፣ ባድመን ባስመለሰው በየካቲት 1991 «ዘመቻ ፀሐይ ግባት» አልፌ፣ የሰላም ስምምነቱ የተፈረመባት አልጀርስ ገባሁ። ጄኔራሎቹ በልባቸው ያሰቡትን ሁሉ ጻፍኩ! ሁለት ደብተር ሞላ። ለድሮው የጋንታ መሪዬ አነበብኩለት። ቡናውን ጨርሶ፣

«አንተ ግን የት ነበርክ?» አለኝ።

«ሬዲዮ ተሸክሜ ከኋላህ ነበርኩ፣ አለቃ።»

«እሱን ጻፋ!»

በቀይ እስክሪብቶ ያላየሁትን ሁሉ ሰረዝኩ። 11 ገጽ ተረፈኝ። ከዚያ እንደገና ጀመርኩ። ቀን ሲምታታብኝ ሁለት ሰው እጠይቃለሁ፤ ካልተስማሙ ቀኑን እተወዋለሁ።

ከባዱ የኮቾሮው ምዕራፍ ነበር። ኮቾሮ ደረቅ የጦር ብስኩት ነው፤ ጥርስ አይምርም። ምሽግ ውስጥ በኮዳ ክዳን ውሃ እያራስን ነበር የምንበላው። አንድ ጓዳችን ድርሻውን ለማታ እያለ ኪሱ ይከታል። የተሰዋ ቀን ኪሱን ስንፈትሽ አራት ኮቾሮ አገኘን። ይቺን ግማሽ ገጽ ለመጻፍ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። የጄኔራሎቹን ምዕራፍ እኮ በአንድ ሌሊት ነው የጨረስኩት!

ስሙን ከማሳተሜ በፊት ሆለታ ሄጄ እናቱን አስፈቀድኩ። ገጹን አነበብኩላቸው። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና፣

«ኮቾሮውንስ ምን አደረጋችሁት፣ ልጄ?» አሉኝ።

«በላነው፣ እማማ።»

እሱን አልጻፍኩትም ነበር። አሁን ገጽ 47 ላይ አለ።