የተበጠሰው ክር

ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር አንድ ዓይነ ስውር ልጅ ክራር ሲጫወት ቆሜ ሰማሁ። 16 ዓመት ቢሆነው ነው። መሃል ላይ አንዱ ክር ተበጠሰ።

"ላግዝህ?" አልኩት።

"ግዴለም ጋሼ፣ እጄ ያውቀዋል።"

ከኪሱ ሌላ ክር አወጣ። ጫፉን በጥርሱ ይዞ ቀንበሩ ላይ ጠመጠመው። ከዚያ ጆሮውን ክራሩ ላይ ለጥፎ፣ እየነካ እያጠበቀ፣ 6ቱንም ክሮች ወደ ትዝታ ቅኝት መለሳቸው። ያ ሁሉ ባጃጅ እየጮኸ!

"ማን አስተማረህ?" ስለው ትንሽ ዝም አለ።

"ልጅ ሆኜ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይዘጉብኝ ነበር። እንዳልታይ። ክራሩ እዚያ ተሰቅሎ ነበር።"

እንዳልታይ። ይህቺ ቃል ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። አሁንም በየጓዳው ስንት ልጅ ይኖር ይሆን?

ነገም እሄዳለሁ። በባቲ ቅኝት እጫወትልሃለሁ ብሎኛል።