ሥር እስኪሰድ ድረስ

ከተቆረጠ ቅርንጫፍ አዲስ ተክል ማውጣት የተማርኩት ሰፈር ሲነሳ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ እኔ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ በሚያወጣው በኩል ተከራይቼ እኖር ነበር። ከድልድዩ ማዶ ያሉ ወዳጆቻችን ዕቃቸውን ጭነው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲሄዱ አልጋውም ቁም ሳጥኑም ይወጣል፤ በአጥሩ ላይ የተንጠለጠለችው አሮጌ ጽጌረዳ ግን ትቀራለች። እነዚያ ጽጌረዳዎች በገበያ አይገኙም። ማን እንዳመጣቸው የሚያስታውስ የለም፤ ሽታቸው ግን ዛሬ በችግኝ መሸጫ ከምናያቸው ሁሉ የበለጠ ነው። ጽጌረዳ ደግሞ ከዘር ቢበቅል እናቱን አይመስልም። ያችኑ ጽጌረዳ ማግኘት የሚቻለው ከራሷ አካል በማባዛት ብቻ ነው፤ ቀላሉ መንገድ ቆርጦ ሥር ማስያዝ ነው።

በሰፈራችን የተከሉት ሁሉ የሚጸድቅላቸው እናቶች አሉ። «እጃቸው የተባረከ ነው» ይባላል። በረከቱን አልክድም፤ ነገር ግን አጠገባቸው ቆሞ ላየ ሰው እጃቸው ብዙ ነገር ያውቃል። መቼ እንደሚቆርጡ፣ የት እንደሚቆርጡ፣ የት ጥላ እንደሚያስቀምጡ ያውቃሉ። ምክንያቱን በቃል ያስረዱኝ ግን በቀበና ወንዝ ዳር ችግኝ የሚያፈሉ አንድ አዛውንት ናቸው። «ጋሼ፣ ለምን ይደርቅብናል?» ብዬ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ የተቆረጠ ቅርንጫፍ አፍ የለውም፤ ላብ ግን አለው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ሁሉ የዚህ ንግግር ማብራሪያ ነው። ቅጠሉ ውሃ ማትነኑን አያቆምም፤ ውሃ የሚስበው ሥር ግን ገና የለም። የኛ ሥራ ሥሩ እስኪመጣ ድረስ የሚወጣውን ውሃ መቀነስ ነው።

በጽጌረዳ ልጀምር። የምመርጠው ቅርንጫፍ አበባው ገና የረገፈ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው ነው። ብስለቱን የማውቀው በእሾሁ ነው፤ እሾሁን በአውራ ጣት ወደ ጎን ስገፋው ቀጭ ብሎ ንጹሕ ሆኖ ከተነሳ ቅርንጫፉ ደርሷል። እሾሁ ከታጠፈ ገና ለጋ ነው፣ ይበሰብሳል። የምቆርጠው በማለዳ ነው፤ ተክሉ ሌሊቱን ውሃ ጠጥቶ ያደረ ስለሆነ። ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የታችኛውን ጫፍ ከአንጓው ሥር ቀጥ አድርጌ፣ የላይኛውን ሰያፍ አድርጌ እቆርጣለሁ፤ ሰያፉ ውሃ እንዳይቋጥር ያደርጋል፣ ደግሞም የላይና የታቹ እንዳይምታታ ምልክት ነው። ምላጩ በአልኮል መጠረግ አለበት።

ቅጠሎቹን ከላይ ካሉት ሁለቱ በስተቀር አነሳቸዋለሁ፤ የቀሩትንም በግማሽ እቆርጣቸዋለሁ። ሁሉንም ማንሳት ትነቱን ፈጽሞ የሚያስቀር ይመስላል፤ ነገር ግን ሥር እንዲወጣ የሚያዝዘው ኦክሲን የሚባል ሆርሞን የሚሠራው በእምቡጡና በለጋው ቅጠል ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ታች እየወረደ በተቆረጠው ጫፍ ላይ ይከማቻል። ስለዚህ ጥቂት ቅጠል መተው ግድ ነው። የሥር ማብቀያ ዱቄት ያገኘ ሰው ጫፉን ነክሮ ማራገፍ ይችላል፤ የዱቄቱ ሥራም ይህንኑ ሆርሞን መጨመር ነው። ዱቄቱ በሌለበት ከታችኛው ጫፍ አንዱን ጎን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ልጡን መፋቅ ብዙ ይረዳል፤ ሥሩ ከቁስሉ ዳር ዳር ይወጣል።

አፈሩ ሌላ ጉዳይ ነው። የመሀል አዲስ አበባ ግቢ አፈር ብዙውን ጊዜ ጭቃነት ያለው ነው፤ ውሃ ይይዛል፣ አየር ያሳጣል፤ ቁራጩም ከታች ጀምሮ ይጠቁርና ይሞታል። እኔ የምጠቀመው የታጠበ አሸዋ ከተነፋ ብስባሽ ጋር እኩል ቀላቅዬ ነው። ሥር ለማስያዝ ለም አፈር አያስፈልግም፤ አየርና እርጥበት ይበቃል። ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ የሚባለው የችግኝ ጣቢያ ቅልቅል የሚያስፈልገው ሥር ከያዘ በኋላ ወደ ፕላስቲክ ሲዛወር ነው። ቀዳዳውን መጀመሪያ በእንጨት አወጣለሁ፤ ቁራጩን በኃይል መውጋት የተፋቀውን ልጥ ይገሸልጠዋል። ከዚያ ቂጡ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ እደፋበታለሁ። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው አየር እርጥበት ሲጠግብ ቅጠሉ የሚያጣው ውሃ እጅግ ይቀንሳል። ቦታው ብርሃን ያለበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ የማያርፍበት ይሁን፤ ፀሐይ ከመታው ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ይቀቀላል።

ብዙ ሰው ልብ የሚሰበርበት ቦታ ከዚህ ቀጥሎ ነው። በሁለት ሳምንት አዲስ ቅጠል ብቅ ይላል፤ ሁሉም «ያዘልኝ» ይላል፤ ጠርሙሱ ይነሳል፤ በማግስቱ ይጠወልጋል። ቅጠል የሥር ማስረጃ አይደለም። ቅርንጫፉ በግንዱ ካከማቸው ምግብ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል። ሥሩን ማየት የፈለገ በብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ዕቃ ይትከል፤ ዕቃውን በካርቶን ሸፍኖ ማቆየት፣ አልፎ አልፎ ገለጥ አድርጎ ነጩን ሥር መፈለግ ነው። ነቅሎ ማየት ግን ክልክል ነው፤ የሚወጣው ሥር እንደ ክር ቀጭን ስለሆነ ወዲያው ይበጠሳል። ሥሩ ከታየም በኋላ ጠርሙሱ በአንድ ጊዜ አይነሳም። መጀመሪያ ክዳኑ፣ ከቀናት በኋላ ለተወሰነ ሰዓት ጠርሙሱ፣ ከዚያ ጨርሶ።

ወቅቱን በተመለከተ መጻሕፍት የሚሉትን ሁሉ ለከተማችን መውሰድ አይቻልም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይቆረጥማል፣ ሥርም በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ አይንቀሳቀስም። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ውሃው በዝቶ ሻጋታ ይነግሣል። እኔ የምወደው ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን ነው፤ ሌሊቱ ለዘብ ይላል፣ በዚያ ጊዜ ሥር የያዘው ደግሞ ክረምቱ ሲገባ ለመተከል ይደርሳል።

ኮሰረትና ዳማ ከሴ ብዙ አያስቸግሩም፤ ለጋ ቀንበጣቸው በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በፍጥነት ሥር ይሰዳል። የጥብስ ቅጠል እርጥበት ሲበዛ ይጠቁራልና አሸዋውን መጨመር ነው። ጄራንየም ከተቆረጠ በኋላ ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ይቆይ፤ ጠርሙስም አይፈልግም። በሶብላ ከዘር ይውጣ።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ቅርንጫፍን ከእናቱ ሳይለዩ ሥር ማስያዝ ነው። በሳሎን የሚያድገው የጎማ ዛፍ ጣራ ሲነካ ብዙ ሰው ከላይ ይቆርጠውና ይጥለዋል። ከመቁረጥ ይልቅ ከሚፈለገው ቦታ ላይ የግንዱን ልጥ ዙሪያውን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ስፋት አድርጎ ማንሳት ይቻላል። ነጭ ወተት ይፈሳል፤ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ዓይን ስለሚያቃጥል እጅ መታጠብ አለበት። ከልጡ ሥር ያለው የሚያንሸራትት ሽፋን እስኪጠፋ መፋቅ አለበት፣ አለዚያ ልጡ መልሶ ይገናኛል። ከዚያ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ብስባሽ ከሰጋቱራ ጋር አልብሶ በፌስታል መጠቅለልና ላይና ታቹን ማሰር ነው። ውሃ ወደ ላይ የሚወጣው በእንጨቱ በኩል ስለሆነ ቅጠሉ አይጠማም። ቅጠሉ የሠራው ምግብና ሆርሞን ግን የሚወርደው በልጡ በኩል ነው፤ መንገዱ ተዘግቶበት እዚያው ይከማቻል፤ ሥሩም ከዚያው ይፈነዳል። ፌስታሉ በሥር ሲሞላ ከበታቹ ቆርጦ መትከል ነው። እዚህ ላይ የአዛውንቱ ችግር ከሥሩ ተፈታ፤ ቅርንጫፉ የሚቆረጠው አፍ ካበጀ በኋላ ነው።

ይህን ስሠራ ያዩኝ ከጉራጌ አገር የመጡ ጎረቤታችን የእንሰትን አበዛዝ ነገሩኝ። የጥቂት ዓመት እንሰት ከአምቾው፣ ማለት መሬት ውስጥ ካለው ወፍራም ክፍሉ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆረጣል፤ መሀሉ ላይ ያለው የሚያድገው እምብርት ይወጣል፤ ከዚያ አምቾው ተሰንጥቆ ወይም እንዳለ ይቀበርና ፍግ ይለብሳል። በዙሪያው ብዙ ችግኝ ይፈላል። ምክንያቱ ያው ሆርሞን ነው፤ እምብርቱ በሕይወት እስካለ ድረስ የተኙትን ቡቃያዎች ተጭኖ ይይዛቸዋል። የደቡብ ገበሬዎች ይህን ከትውልድ ትውልድ ሲሠሩበት ኖረዋል። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ ተክል ማባዛት ሲማሩ የመጀመሪያው ምሳሌ እንሰት ቢሆን እመኛለሁ።

ወደ ኮንዶሚኒየም ለሚሄድ ችግኝ አንድ ተጨማሪ ዝግጅት ያስፈልጋል። በፎቅ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ እንደ ፀሐይ ያደርቃል። ስለዚህ ለሰው ከመስጠቴ በፊት ውሃውን እየቀነስኩ በግቢያችን ነፋስ በሚበዛበት ጥግ አቆየዋለሁ። ማሳደጊያው የተቆረጠ ጀሪካን ቢሆንም ይበቃል፤ ከታች በደንብ መበሳት ግን አለበት። አንዲት ወዳጃችን ከፒያሳ ግቢያቸው የተወሰደችውን ሮዝ ጽጌረዳ አራተኛ ፎቅ ላይ በጀሪካን አሳድገው አበባዋን አይተዋል፤ እኔም ከእሳቸው ተክል መልሼ ቆርጬ ለሌሎች ሦስት ቤቶች አባዝቻለሁ።

ዘንድሮ የያዝኩት ወይራን ነው። ቁራጩ እምቢ የሚል ስለሆነ ከዘር ጀምሬዋለሁ። የበሰለውን ፍሬ ሥጋውን አጥቤ፣ ድንጋይ የመሰለውን ቅርፊት ውስጡ ያለው ፍሬ ሳይጎዳ በጥንቃቄ ሰንጥቄ፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ መጋቢት ላይ በአሸዋማ መደብ ዘርቻለሁ። ቅርፊቱ ካልተነካ መብቀሉ እጅግ ይዘገያል። ከተሰነጠቀው ዘር መደብ አጠገብ ቅርፊቱን ያልነካሁትንም ዘርቻለሁ፤ ልዩነቱን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።