አራስ ውሻ ሥጋ እስክትለብስ

ቡችሎቹ ድንቡሽቡሽ ብለው የእናታቸው አጥንት ገጥጦ ሲታይ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ አንድ ነው፤ ምግብ ይጨመርላት። ሐሳቡ ልክ ነው፣ ግን ግማሽ ልክ። የምታጠባ ውሻ አካል የገባለትን ምግብ አስቀድሞ ለወተት ይሰጣል። ምግቡ ቢያንስም ወተቱ ቶሎ አይቀንስም፤ ጉድለቱ ከቆዳዋ ሥር ካለው ስብና ከጀርባዋ ጡንቻ እየተቆረሰ ይሞላል። ስለዚህ የሄደው ክብደት በደንብ የሚመለሰው ወተቱ ሲቀንስ ነው። እስከዚያ ያለው ሥራ መክሳቷን ማስቆም ብቻ ነው። ሁለቱን ጊዜ ለይቶ ያላየ ሰው በ3ኛው ሳምንት «ይህን ሁሉ እየበላች ምነው አልወፈረች?» እያለ ይጨነቃል፤ በ9ኛው ሳምንት ደግሞ በዚያው ልክ እየመገበ በርሜል ያደርጋታል።

ለመመርመር ዓይን አይታመንም፤ እጅ ነው የሚታመነው። ጠጉሯ የበዛ ውሻ መክሳቷ አያስታውቅም፤ የሞላው ጡቷም ከሥር ተንጠልጥሎ ሆዷን ሙሉ ያስመስለዋል። መዳፍን ዘርግቶ ከትከሻዋ ጀርባ ጀምሮ ጎድኗን ሳይጫኑ መዳበስ ነው። መለኪያውም እዚያው እጅ ላይ አለ። አንዱን እጅ ጨብጦ የጣቶቹን አንጓ በሌላው እጅ ሲነኩት የሚሰማው ጉብ ጉብ የከሳ ውሻ ጎድን ነው። እጁን ዘርግቶ ጀርባውን ሲዳብሱት አጥንቱ ከስስ ሽፋን ሥር ይገኛል፤ ደህና ክብደት ይህ ነው። መዳፉን ገልብጦ እንደሚሰማው፣ ካልተጫኑት አጥንቱ የማይገኝ ከሆነ ደግሞ ወፍራለች። ቀጥሎ የጀርባ አጥንቷ ይዳበሳል። ጎድኗ እየተቆጠረ ከጀርባ አጥንቷ ግራና ቀኝ ያለው ሥጋ ግን ሞልቶ ከተገኘ ያለቀው ስቧ ነው። እዚያ ከጎደጎደ ጡንቻዋም መበላት ጀምሯል። የእንስሳት ሐኪሞች ከ1 እስከ 9 በሚቆጥሩበት መለኪያ 4 እና 5 መልካም ነው። ማጥባቱ በከፋበት ሰሞን 3 ላይ የደረሰች በምግብ ትመለሳለች። 2 እና ከዚያ በታች ከሆነች ግን ሐኪም ሳያያት በምግብ ብቻ የሚሞከር አይደለም፤ ክፉኛ በተራበ አካል ላይ ምግብ በአንዴ ሲበዛ የደሟ ፎስፈረስና ፖታሲየም በድንገት ወርዶ ሊገድላት ይችላል።

ሚዛን በየሳምንቱ፣ በአንድ ቀን፣ ጠዋት ከመብላቷ በፊት። የሰው ሚዛን ካለ አቅፎ መመዘንና የራስን ክብደት መቀነስ ነው። የሚነጻጸረው ከማርገዟ በፊት ከነበራት ክብደት ጋር እንጂ ሆዷ ሞልቶ ከነበረበት ጋር አይደለም። ድሮ 15 ኪሎ የነበረች ውሻ 14 ተኩል ብትደርስ የሚያስደነግጥ አይደለም። ከ13 ተኩል ከወረደች ግን ከክብደቷ አንድ አሥረኛው ሄዷል ማለት ነው፤ ወይ ምግቡ አይበቃም፣ ወይ የተደበቀ ሕመም አለ።

ስለ ምግቡ መጠን ሲወራ ሰው ሁሉ «እጥፍ» ይላል። እጥፍ የመጀመሪያው ሳምንት ሒሳብ ነው። ያቺኑ ባለ 15 ኪሎ ውሻ ከ6 ቡችሎች ጋር እናስባት። ሳታረግዝና ሳታጠባ በቀን 1,100 ኪሎካሎሪ (የምግብ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይበቃታል። በወለደች በመጀመሪያው ሳምንት ወደ 2,450፣ በሁለተኛው ወደ 2,800፣ በሦስተኛው ወደ 3,100፣ በአራተኛው ወደ 3,250 ይደርሳል፤ ያም ከመደበኛው ሦስት እጥፍ ነው። በ100 ግራም 380 ኪሎካሎሪ ያለው ደረቅ ምግብ ከሆነ በቀን 850 ግራም ማለት ነው። 330 ብቻ ካለው ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል። አንዲት መካከለኛ ውሻ 1 ኪሎ ደረቅ ምግብ በቀን ለማስገባት ትታገላለች፤ ሆዷ ይሞላል፣ ጉልበቱ ግን አልተሟላም። ብዙ ጊዜ «ጥግብ ብላ ትበላለች፣ ግን ትከሳለች» የሚባለው እንቆቅልሽ መልሱ ይኸው ነው። በመጠኑ ላይ መጠን ከመቆለል ይልቅ በትንሽ ምግብ ብዙ ጉልበት የያዘውን መምረጥ ይሻላል።

ያ ደግሞ የቡችላ ምግብ ነው። ማሸጊያው ላይ «ለእድገትና ለመራባት» የሚል ካለበት ለምታጠባም የተሰላ ነው። ፕሮቲኑ ከ28 በመቶ፣ ስቡ ከ18 በመቶ ባያንስ እመርጣለሁ። ለትልልቅ ዝርያ ቡችሎች ተብሎ የሚሠራው ግን ጉልበቱና ካልሲየሙ ሆን ተብሎ የተገታ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከነበረችበት ምግብ ወደዚህ ለማሻገር በየሁለት ቀኑ ሩብ ሩቡን መተካት ነው። ሰገራዋ ከላላ ባለበት ማቆየት፣ ሲጠጥር መቀጠል። በአንድ ቀን የተገለበጠ ምግብ የሚያመጣው ተቅማጥ ከምግቡ ጥቅም በላይ ያከሳታል።

850 ግራሙ ለ4 ወይም ለ5 ጊዜ ይከፈላል፤ በአንዴ 200 ግራም አካባቢ። አንዱ ሌሊት ከመተኛቷ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው፤ በሌሊት ቡችሎቹ አያርፉም። ለብ ባለ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ሲዘፈዘፍ ሽታው ይነሣል፣ ለጨጓራዋም ይቀልላታል፣ ከሁሉም በላይ ሳታውቀው ውሃ ትጠጣለች። ውሃ የሌለበት ወተት የለምና። ለ3,000 ኪሎካሎሪ 3 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋታል፤ የተዘፈዘፈው ምግብ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። የውሃ ዕቃዋ አንድ ብቻ ሆኖ ሌሊት ላይ ከደረቀ ጠዋት ምግቧንም ትተዋለች። የተዘፈዘፈ ምግብ ግን ሳይበላ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ይኮመጥጣል።

አንዳንዷ ቡችሎቿን ትታ መነሣት አትወድም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳህኑን አፍንጫዋ ሥር ማቅረብ ነውር የለውም። ከወለደች በኋላ አንድ ቀን ያህል ብዙ አለመብላቷም፣ እንግዴ ልጁን በልታ ሰገራዋ መላላቱም የተለመደ ነው። ከዚያ አልፎ ሙሉ ቀን ምግብ እምቢ ማለት ግን የሕመም ምልክት ነው። ሌላ ውሻ ቤቱ ውስጥ ካለ ምግቧ ለብቻዋ ይሁን፤ እየተገላመጠች የምትበላ እናት አጋምሳ ትነሣለች።

ሰው በፍቅር የሚጨምራቸው ነገሮች ላይ ትንሽ ልቆይ። የተቀቀለ ዶሮና የተቀቀለ እንቁላል ምግቡን ለማጣፈጥ ጥሩ ናቸው፤ አንድ እንቁላል 70 ኪሎካሎሪ ያህል አለው። ነገር ግን ከቀኑ ጉልበት አንድ አሥረኛውን ባያልፉ ይመረጣል። አጥንት የሌለው ሥጋ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ግን ኢምንት ነው። ወተት የምታመርት ውሻን በሥጋ ብቻ ማድለብ ካልሲየሟን ከአጥንቷ እንድትከፍል መፍረድ ነው። ዘይት ፈታኝ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ኪሎካሎሪ ይዟል። ችግሩ፣ ከጉልበት በቀር ፕሮቲንም ካልሲየምም የለውም፣ ሲበዛ ሰገራ ያላላል፣ ቆሽቷንም ሊያሳብጥ ይችላል። ለዚህች ውሻ በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፤ ምግቡ የቡችላ ከሆነ እሱም ባይኖር አይጎድልባትም። የላም ወተት ደግሞ ፕሮቲኑም ስቡም ከውሻ ወተት ግማሽ አይሞላም፤ ስኳሩ ግን ይበልጣል፣ ስለዚህ ያስቀምጣታል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ወይን፣ ዘቢብ፣ ቸኮሌት፣ ዛይሊቶል የሚባለው የስኳር ምትክ ያለበት ጣፋጭና የበሰለ አጥንት አፏ አይግባ።

እስካሁን ያልኩት ስለሚገባው ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን የሚወጣው ነው፤ ለእኔ ደግሞ ዋናው እሱ ነው። በአፉ የሚሞላ፣ በሥሩ የሚያንጠባጥብ እንስራ ሲሞላ አይታይም። ቡችሎቹ 3 ሳምንት ሲሞላቸው፣ ዓይናቸው ተገልጦ እግራቸው መቆም ሲጀምር፣ ምግብ ማስለመድ ይቻላል። አንድ እጅ የቡችላ ምግብ በሦስት እጅ ለብ ያለ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ ጉብታ ሳይቀርበት ላላ ብሎ ይላማል። ዕቃው ጠርዙ ዝቅ ያለ ዝርግ ሳህን ይሁን። መጀመሪያ ይረግጡታል፣ ይተኙበታል፣ ከዚያ እግራቸውን ሲልሱ ጣዕሙን ያውቁታል። አፋቸውን ይዞ መንከር አያስፈልግም፤ በአፍንጫቸው ገብቶ ሳንባቸው ሊደርስ ይችላል። በቀን ሁለት ጊዜ ተጀምሮ በሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ይደርሳል፣ ውሃውም እየቀነሰ ይሄዳል። እናትየው በዚያን ሰዓት ራቅ ትበል፤ አለዚያ ቀድማ ትጨርሰዋለች። 6 ሳምንት ሲሆናቸው አብዛኛው ምግባቸው ከሳህን ከሆነ ወተቷ ራሱ እየቀነሰ መጥቷል፣ የሚዛኗ ቁጥርም መውረዱን ትቶ ይቆማል። የዚያን ሳምንት ቁጥር ሳየው ነው ልቤ የሚያርፈው።

ቡችሎቹ 8 ወይም 9 ከሆኑ 3ኛው ሳምንት እስኪደርስ መጠበቅ አይቻል ይሆናል። ለቡችላ የተሠራ የዱቄት ወተት በየተራ ለግማሾቹ እየሰጡ እሷን ማሳረፍ ነው። ሊጠቡ የማይችሉበት፣ እሷ ግን ዘላ የምትወጣበት ከፍ ያለ ማረፊያም ይኑራት። የቡችሎቹ ጥፍር በየሳምንቱ ጫፉ ይቆረጥ፤ የተቧጨረ ጡት በር ከፍቶ ጀርም ያስገባል።

ምግቡም ተስተካክሎ ካልተመለሰች ቀድሞ የሚጠረጠረው ወስፋት ነው። በአካሏ ውስጥ ተኝቶ የነበረው እጭ በእርግዝና ጊዜ ነቅቶ ወደ ቡችሎቹ ይተላለፋል፤ የእነሱን ሰገራ ስትልስ ደግሞ መልሳ ትወስደዋለች። ስለዚህ ቡችሎቹ በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 ሳምንታቸው መድኃኒት ሲወስዱ እሷም አብራ ትውሰድ፤ ዓይነቱንና መጠኑን ግን ለምታጠባ ውሻ የሚሆነውን የሚለይ ሐኪም ይወስን። ቁንጫም ደም ይመጥጣል፤ ድዷ የነጣ እናት በምግብ ብቻ አትድንም።

ጡቷ በየቀኑ ይዳሰስ። አንዱ ጠንክሮ፣ ግሎ፣ ቀልቶ ወይም ጠቁሮ ከተገኘ፣ ወይም ወተቱ መግል ከመሰለ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ከማሕፀኗ የሚወጣው ፈሳሽ ለሳምንታት ቡናማ ቀይ ሆኖ ቢቆይ ልማድ ነው። መጥፎ ሽታ ካለውና ትኩሳት ከጨመረች ግን ማሕፀኗ ታምሟል።

ሰዓት የማይሰጠው የካልሲየም መውረድ ነው። በተለይ ትንንሽ ውሾች ብዙ ሲወልዱ፣ ወተቱ በሚበዛባቸው የመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ይመጣል። መጀመሪያ ዕረፍት ታጣለች፤ ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፣ ሳይሞቃት ታለከልካለች፣ ፊቷን ትፎክታለች። ከዚያ እግሯ እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ሰውነቷ እንደ እሳት ይግላል፣ በመጨረሻ ትንፈራገጣለች። ቡችሎቹን ወዲያው ለይቶ፣ በደቂቃው ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። መድኃኒቱ ልቧ እየተደመጠ በደም ሥሯ ቀስ ብሎ የሚገባ ካልሲየም ነው፤ ቤት ውስጥ አይሞከርም። ይህንን ፈርቶ በእርግዝናዋ ጊዜ የካልሲየም ክኒን መስጠት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ካልሲየም ከውጭ ሲትረፈረፍ አንገቷ ላይ ያሉት፣ ከአጥንት ካልሲየም የሚያስወጡት ትንንሽ ዕጢዎች ይሰንፋሉ፤ ወተቱ በድንገት ሲጠይቃቸው አይደርሱም።

ቡችሎቹ ጡት የሚተዉበት ሳምንት ላይ ምግቧን አንድ ቀን ጨርሶ ከልክሎ ከዚያ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ እያሉ መመለስ የቆየ ዘዴ ነው፤ ወተቱን ያደርቃል። ለደነደነች ውሻ ይሠራል። አጥንቷ ለገጠጠ ግን እኔ አልመክረውም። ቡችሎቹ ቀስ በቀስ ከተላቀቁ ከመደበኛው ግማሽ ጀምሮ በ4 ወይም በ5 ቀን ወደ ሙሉ ማድረስ ይበቃል። ጡቷ ወጥሮ ቢታይም አይታለብ፤ የታለበ ጡት ጨምር እንደተባለ ነው የሚቆጥረው።

ሥጋ የምትለብሰው ከዚህ በኋላ ነው። ከ3,250ው ወርዶ ወደ 1,375፣ ማለትም ከመደበኛው ላይ ሩብ ብቻ የተጨመረበት፤ በዚያው የቡችላ ምግብ 360 ግራም ገደማ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። በሳምንት 250 ግራም አካባቢ ትጨምራለች፣ 2 ኪሎ የጎደላት በ2 ወር ትሞላለች። ከዚያ ከፈጠነ የሚሞላው ስብ ነው፤ ጡንቻ በምግብ ብቻ አይመጣም፣ በቀን ሁለቴ ማንሸራሸር፣ በየሳምንቱም ጥቂት ማስረዘም ያስፈልገዋል። በዚህ መሐል፣ ከወለደች ሁለት ወር ገደማ ሲሆናት፣ ጠጉሯ በእፍኝ ይረግፋል፤ ገና ልትወፍር ስትል መልኳ የሚከፋው ለዚህ ነው። ቆዳዋ ካልቀላ፣ ካልሻከረና ካላሳከካት የሚደረግ ነገር የለም፣ አዲሱ ይበቅላል። እንደገና ማርገዙ ግን ይቆይላት።

እጅ ጎድኗ ላይ ሲያልፍ እንደ እጅ ጀርባ መሆን ሲጀምር የቡችላው ምግብ በአንድ ሳምንት ውስጥ እየተቀላቀለ በአዋቂ ምግብ ይተካል፣ ሩቡ ጭማሪም ይነሣል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመዝና ያው 15 ከሆነች መጠኑ ተገኝቷል። 15 ተኩል ካለች ከእያንዳንዱ ምግብ ላይ አንድ እፍኝ ይቀነሳል።