አፋን ኦሮሞን ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ መማር፦ የዘጠኝ ወር ማስታወሻ

ፋርማሲስት ነኝ። የምሠራው አዲስ አበባ ዳር፣ ወደ ለገ ጣፎ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ትንሽ መድኃኒት ቤት ነው። ከሰንዳፋና ከአካባቢው ገጠር የሚመጡ ደንበኞች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ አማርኛ ይሰማሉ። የማይሰሙት ብዙ ጊዜ እናቶችና አዛውንቶች ናቸው። መድኃኒት በብዛት የሚወስዱትም እነሱ ናቸው።

ለዓመታት እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ አብሮ የመጣውን ልጅ ወይም ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው «እስቲ ንገርልኝ» እል ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት የማህፀን ቁስለት መድኃኒት የታዘዘበት ወረቀት ይዘው ቆሙ። የሚያስተረጉምላቸው የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ወንድ ልጃቸው ነበር። እሳቸው አፈሩ፣ ልጁ አንገቱን ደፋ፣ እኔም ማለት ካለብኝ ግማሹን ዋጥኩት። መድኃኒቱን እንዴት እንደተጠቀሙበት እስከ ዛሬ አላውቅም። መስከረም ሲጠባ መማር ጀመርኩ። አሁን ሰኔ ነው።

አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ ከ«አከም» ያለፈ አለማወቄ ያሳዝነኛል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ኦሮምኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ከአገሩ ሕዝብ 33.8 በመቶ ነው። አማርኛ 29.3 በመቶ። ከሰማንያ በላይ ቋንቋ በሚነገርበት አገር፣ በብዛት የሚነገረውን ሳላውቅ ነው የተመረቅኩት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ያለቁት በድምፅ ላይ ነው። ይህን ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ አማርኛ ተናጋሪ ሆናችሁ የምትጀምሩ ሁሉ የምትቸገሩበት ይመስለኛልና።

ጆሯችን ግማሹን መንገድ ሄዶ ነው የሚጠብቀን። መጥበቅና መላላትን እንለያለን። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ መኖር ነው። «ገና»ም እንዲሁ። ፊደላችን ባይጽፈውም ጆሯችን አይስተውም። ስለዚህ «ሶዳ» ሲላላ ፍርሃት፣ ሲጠብቅ አማች መሆኑን በአንድ ቀን ያዝኩት። ቁቤ፣ ማለትም ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ የሚሠራበት የላቲን ፊደል፣ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል። ለተማሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

የአናባቢ ርዝመት ግን ሌላ ነገር ነው። በአማርኛ አናባቢ ብንጎትት ትርጉም አይቀየርም። እዚያ ይቀየራል። «ለፈ» በአጭሩ መሬት ነው፤ «ላፋ» ተጎትቶ ሲነገር ለስላሳ። «ቦሩ» አጥሮ ነገ ነው፣ ረዝሞ ደግሞ የደፈረሰ ውኃ። በእኛ ፊደል የኋለኞቹ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። እኔ ሁሉንም መካከለኛ አድርጌ ነበር የምናገረው፤ ሰሚው ከአገባቡ እየገመተ ይረዳኝ ነበር። ያስተካከልኩት በጭብጨባ ነው። ቃሉን እያልኩ አጭሩን አናባቢ አንድ ጊዜ፣ ረጅሙን ሁለት ጊዜ አጨበጭባለሁ። ማታ ማታ አሥር ቃል። የሕፃን ጨዋታ ቢመስልም ሠርቶልኛል።

ሦስተኛው «ዸ» ነው። ለኦሮምኛ ተብላ የተበጀች ይህች ፊደል በፊደል ገበታችን ዳር አለች፣ ብዙዎቻችን ግን አይተናት እናልፋለን። ምላስ ወደ ላንቃ ተቀልብሶ፣ አየሩ ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚወጣ ድምፅ ነው። «ዺገ» ደም ነው፤ በተራው «ዲ» ካላችሁት «ያፈርሳል» ይሆናል። ደም ግፊት ደግሞ «ዺባ ዺጋ» ይባላል። ሁለት ዺ በተከታታይ! በቀን ሃያ ጊዜ የምለው ቃል ይህ ነው፤ እስከ ታኅሣሥ ድረስ አልወጣልኝም።

ሰዋስዉን ቶሎ አልፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ለእኛ ቀላል ነው። ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ራሴን «ያመኛል» እንደምንለው ሁሉ «መታቱ ነ ዹኩበ» ይላሉ። ሰውየው አድራጊ ሳይሆን ተደራጊ ነው። «ዝም አለ» ለማለትም «ጨል ጄዼ» ነው፤ ዝምታውን «ማለት» በሚል ግሥ መግለጽ የሁለታችንም ነው። አንዱ ቋንቋ ሴማዊ ሌላው ኩሻዊ ቢሆንም ብዙ ዘመን ጎን ለጎን ኖረዋልና አሠራራቸው ተቀራርቧል።

በጣም የወደድኩት ሆድን ነው። «ገራ» ሆድ ነው። የሆድ ቁርጠትም እዚያ ነው፣ ርኅራኄም እዚያ ነው። አዛኝ ሰው ሆዱ «ላፋ» ነው፣ ጨካኝ ሰው ሆዱ ጠንካራ ነው። እኛ «ሆደ ቡቡ» የምንለውን አስቡት። አንዲት አሮጊት ገራቸውን ይዘው ሲመጡ አሁን ቸኩዬ የጨጓራ መድኃኒት አላነሳም። መጀመሪያ ወንበር እሰጣቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ሕመሙ የልጅ ሐዘን ነበር።

አሁን ስለ ስሕተቴ። ጥር ላይ ነው። ሦስት «ሰዲ» ነው፣ ስምንት «ሰዴት»። አንድ ፀረ ተሕዋስያን በየስምንት ሰዓቱ የሚወሰድ ነበር። እኔ «በየሦስት ሰዓቱ» ብዬ ለአንዲት ወጣት እናት ነገርኩ። ለልጇ ነበር መድኃኒቱ። እሷ ግራ ተጋብታ በጣቷ ሦስት አሳየችኝ። ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ጣቷን ባታነሳ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳስብ እስካሁን ይሰቀጥጠኛል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ልማድ አለኝ። አንደኛ፣ «በየስምንት ሰዓቱ» አልልም፤ ሰዓቱን ራሱን እናገራለሁ። ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4። ሰዓት አቆጣጠራችን አንድ ስለሆነ ይህ አያሳስትም። በኪኒኑ ፖስታ ላይም ፀሐይና ጨረቃ እሥላለሁ። ሁለተኛ፣ የነገርኳቸውን መልሰው እንዲነግሩኝ እጠይቃለሁ። ሲነግሩኝ የእኔንም አነጋገር ያርሙልኛል፤ ከየትኛውም መጽሐፍ በላይ የተማርኩት ከዚህ ነው።

ሌላው ችግር የሰዎቹ ደግነት ነው። ስንደናቀፍ ሲያዩ ወዲያው ወደ አማርኛ ይዞሩልናል። ለእኛ አዝነው ነው። ግን እንዲህ ሆኖ አይለመድም። እኔ አሁን «አደራ፣ ሱተ ዱበዻ» እላለሁ፤ ቀስ ብለው ይናገሩ ማለት ነው። «ዱበዻ» የአክብሮት መልክ ነው። በመጀመሪያው ወር አዛውንቱንም ሕፃኑንም «አከም ጅርተ» እል ነበር፣ አንተ ብሎ መጥራት ነው። ለትልቅ ሰው «አከም ጅርቱ» ነው። ይህን ያስተማሩኝ እናት ሳይቆጡ እጄን ይዘው ነው፤ «ኢንተለ ኮ» ብለው፣ ልጄ ብለው።

መጋቢት ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር መጣ። በየቀኑ የምሳፈርበት ታክሲ ትርጉም አወጣ! «ለገ» ወንዝ ነው፤ ለገ ጣፎ፣ ለገ ዳዲ። «ቱሉ» ኮረብታ፣ «ዲምቱ» ቀይ። ቱሉ ዲምቱ ቀይ ተራራ ነው፤ ባሌ ውስጥ 4,377 ሜትር ላይ ያለው ከፍታም ስሙ ይኸው ነው። «ዲማ» ለወንድ፣ «ዲምቱ» ለሴት መሆኑን ከሰዋስው መጽሐፍ ሳይሆን ከታክሲ ረዳት ጥሪ ነው ያስታወስኩት። «ጉዲፈቻ»ም እንዲሁ። አማርኛ አድርገን በሕግ መጻሕፍት ሳይቀር የምንጠቀምበት ቃል ሥሩ ማሳደግ ነው፤ በዚያ መልኩ ሲረባ «ለራስ አድርጎ ማሳደግ» ይሆናል። ለራስ የሚል ነገር በግሡ ውስጥ መኖሩ እንዴት ያምራል።

አንድ ከጅግጅጋ የመጣ የሥራ ባልደረባ ቁጥር ስለማመድ ሰምቶ በሶማልኛ ቆጠረልኝ። «ሸን» አምስት፣ እሱም ሸን። «አፉር» አራት፣ እሱ አፈር። «ሰገል» ዘጠኝ፣ እሱ ሰጋል። ከዚያ ስለ ቋንቋ ስሞች አወራን። «አፋን» አፍ ማለት ነው። ሶማልኛም «አፍ ሶማሊ» ነው። ሲዳምኛ «ሲዳሙ አፎ»፣ አፋርኛ «ዐፈር አፍ»። ወላይታዎችም ቋንቋቸውን «ዶና» ይሉታል፤ ቃሉ ሌላ ነው፣ ትርጉሙ ያው አፍ ነው። እኛም አፍ መፍቻ እንላለን።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 ሁሉም ቋንቋዎች እኩል ዕውቅና አላቸው ይላል። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ የሚል ፖሊሲ አጽድቋል። እኔ ባንኮኒ ላይ የሚደርሱት የመድኃኒት መመሪያዎች ግን አብዛኞቹ እንግሊዝኛ ናቸው። አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም እኩል አያነባቸውም። ይህ መለወጥ አለበት፤ ሕመምተኛ የሚወስደውን ነገር በራሱ አፍ ማወቅ አለበት።

ተስፋ ስቆርጥ አስቴር ጋኖን አስባለሁ። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲተረጉም በልጅነቱ ለባርነት ተወስዶ ከአገሩ ወጥቶ ነበርና ቃላት ያጥሩት ነበር። አስቴርም ከባርነት የተረፈች ናት፣ ቋንቋውን ግን አሳምራ ታውቀው ነበር፤ ቃሉን የሞላችለት እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። ተርጓሚው እንኳ የሌላ ሰው አፍ ካስፈለገው፣ እኔ በየቀኑ ብታረም ምንም አይደለም።

አሁን ያለሁበት ደረጃ ይህ ነው፦ መድኃኒት ቤት ውስጥ ያለውን ወሬ በደንብ እይዛለሁ። ሠርግ ቤት ብትወስዱኝ ግን እጠፋለሁ። ሬዲዮ ሲፈጥን ርዕሱን እንጂ ዝርዝሩን አልሰማም። የሐረርጌና የቦረና አነጋገር ገና አልገባኝም፤ በዚያ በኩል የተለማመዳችሁ ካላችሁ ከየት እንደጀመራችሁ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አንድ አባት መጡ። ሁልጊዜ ለራሳቸውም ለባለቤታቸውም የሚወስዱት እሳቸው ናቸው፣ ባለቤታቸው አማርኛ አይሰሙምና። አወሳሰዱን ነገርኳቸው። መልሰው ነገሩኝ። «ዺባ» ላይ አስቁመው አንድ ጊዜ አስደገሙኝ፣ ደገምኩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ፖስታውን ኪሳቸው ከተው፣ በሚቀጥለው ሰኞ ባለቤታቸውን ብቻቸውን እንደሚልኳቸው ነገሩኝ።