ከደብረ ብርሃን ላብራቶሪ እስከ ሳይቶሎጂ ጆርናል፦ ጥናቴን እንዴት አሳተምኩ

እንቅርት፣ ንፍፊት ወይም የጡት እብጠት ይዞ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው ምርመራ በቀጭን መርፌ ሴል መውሰድ ነው። ናሙናውን መስታወት ላይ ቀብተን፣ ቀለም ነክረን በማይክሮስኮፕ እናያለን፤ ይህ የሴል ምርመራ ሳይቶሎጂ ይባላል። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከጣርማ በር የመጡ ሰዎችን ውጤት ስጽፍ አንድ ጥያቄ እረፍት ነሳኝ። መርፌው የተናገረውን ቀዶ ሕክምናው አረጋግጦታል ወይ? ጥናቱ የተወለደው ከዚህ ነው።

ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ሳገኝ ወደ ካርድ ክፍል ገባሁ። ከባዱ ሥራ እሱ ነበር። መስታወቱ እኛ ጋ አለ፤ ቀዶ ሕክምናው ግን ብዙ ጊዜ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ይሠራል፤ የባዮፕሲው (በቀዶ ሕክምና የወጣው ሥጋ ምርመራ) ወረቀትም እዚያው ይቀራል ወይም ከታካሚው ጋር ወደ ቤት ይሄዳል። ስልክ መደወል ጀመርን። ከሞላሌ የመጡ አንዲት እናት ወረቀታቸውን ከመታወቂያቸው ጋር በፌስታል ጠቅልለው ይዘው መጡ። "ይኸው ልጄ፣ ለሌላው ሰው የሚጠቅም ከሆነ ውሰደው" አሉኝ። ኮፒ አድርጌ መለስኩላቸው። ጥናቱ የቆመው በእንዲህ ያሉ ወረቀቶች ላይ ነው።

ጽሑፉን ያዋቀርኩት የምርመራ ትክክለኛነት ጥናቶች በሚመሩበት በስታርድ 2015 ዝርዝር ነው። 30 ነጥቦች አሉት። ገና መረጃ ሳትሰበስቡ አንብቡት፤ ምን መመዝገብ እንዳለባችሁ ቀድሞ ይነግራችኋል።

ጆርናል ስመርጥ ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጥናቶች ማውጫ ላይ መኖሩን፣ የኤዲተሮቹንም ሥራ አየሁ። በኢሜይል "በሳምንት እናትማለን" የሚሉትን አልፌአቸዋለሁ፤ በሳምንት ውስጥ በቁም ነገር የሚገመግም የለም። የማሳተሚያ ክፍያ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ፣ ብዙ አሳታሚዎች ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ክፍያውን ይተዋሉ። ጽሑፉን ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። ለንባብ ደግሞ የሕክምና ጆርናሎችን የሚያስነብበው የዓለም ጤና ድርጅት ሂናሪ አለላችሁ።

ገምጋሚዎቹ ጠንካሮች ነበሩ፤ እኔም ወደድኳቸው። አንዱ "ናሙናው በቂ ነው ያላችሁት በምን መለኪያ ነው?" አለ። ለታይሮይድ (እንቅርት የሚወጣበት ዕጢ) ቤተስዳ የሚባለው የሴል ምርመራ ውጤት አጻጻፍ ሥርዓት ቢያንስ 6 የሴል ስብስቦች፣ እያንዳንዳቸውም ቢያንስ 10 ሴል ያላቸው እንዲሆኑ ይጠይቃል። ይህን በግልጽ ጻፍኩ። ፎሊኩላር ዕጢ በሚባለው የታይሮይድ እብጠት ላይ መርፌ ብቻውን ደግ ይሁን ካንሰር መለየት እንደማይችልም አስረዳሁ፤ ልዩነቱ ሴሉ የዕጢውን ሽፋን ወይም የደም ሥር ጥሶ ማለፉ ስለሆነ፣ ሥጋው ካልታየ አይታወቅም።

ሌላኛው የያዘው ነጥብ ከሁሉ ይበልጣል። ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው በአብዛኛው የተጠረጠሩት ናቸው። ባዮፕሲ ያላቸው ብቻ ሲቆጠሩ የመርፌው ትክክለኛነት ከእውነተኛው የተለየ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ማን ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለት፣ ማን እንዳልተደረገለት ለይቼ በሠንጠረዥ አሳየሁ። ያ ሠንጠረዥ ለእኔ የጽሑፉ ልብ ነው።

የአየሩን ጠባይም ጽፌአለሁ። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ በተለይ በክረምት፣ አየር ላይ የሚደርቅ መስታወት ቶሎ አይደርቅም፤ ሴሉም ቅርጹ ይበላሻል። በትንሽ ማራገቢያ እናደርቀዋለን። ፓፕ ለሚባለው የሴል ቀለም የሚሆነው ደግሞ ሳይደርቅ ወዲያው 95% አልኮል ውስጥ ይገባል።

አሁን የውጤት ወረቀታችን ግርጌ ላይ አንድ መስመር ጨምረናል፤ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው የባዮፕሲ ውጤቱን እንዲያሳየን ይጠይቃል። ከእነዋሪም ከሸዋ ሮቢትም መምጣት ጀምሯል። ቀጣዩ ጥናታችን የሚሠራው በነዚህ ነው።